የተከለከለው ግድግዳ

ነቀምቴ ላይ ቤት የሚያስረጀው ዝናብ ነው የሚል ሰው ለከተማው እንግዳ ነው። ዝናቡስ አለ፤ ከግንቦት ጀምሮ መስቀል እስኪጠባ ይወርዳል፣ አንዳንድ ዓመት መስቀልንም አያከብርም። ግን ዝናብ ያፈረሰውን ሰው ይጠግነዋል። ክስ ያፈረሰውን ማን ይጠግነዋል? ከገበያው ወደ ገብርኤል ሲወጣ በስተግራ ካሉት ቤቶች ግማሾቹ እንዲህ በክስ ያረጁ ነበሩ። ወንድም ከወንድሙ፣ የእንጀራ ልጅ ከእንጀራ እናቱ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ተካስሶ፣ ቀጠሮ ቀጠሮን ይወልዳል። እስከዚያ ሣር ክዳኑ ይጠቁራል፣ ግድግዳው ይንጋደዳል፤ መሸጥ የለ፣ መለወጥ የለ፣ ማከራየት የለ። የከተማው ሰው ያንን ጎን «የተኛው ሰፈር» ይለው ነበር። ነቀምቴ ስም ለማውጣት አይሰንፍም።

ከተኙት ሁሉ እንቅልፋቸው የጠናው ጎን ለጎን የተጣበቁት የእማዋይሽና የባይሳ ቤቶች ነበሩ። እማዋይሽ አባቷ ከሸዋ ዘምቶ የቀረ፣ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች፣ ገበያ ስትወጣ በኦሮምኛ የምትከራከርና ቤቷ ስትገባ በአማርኛ የምትቆጣ ሴት ናት። ባሏ ሀብተጊዮርጊስ ኮርቻና ልጓም ይሸጥ ነበር። ባይሳ ደግሞ የማርና የሰም ነጋዴ ነው፤ ወንጌላዊ፣ ቁጥብ፣ አንድ ቃል ለማውጣት አንድ ገበያ የሚያስብ ሰው። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ግድግዳ አንድ ነው። የሁለቱም ጣሪያ ያረፈው በእሱ ላይ ነበር፤ ሀብተጊዮርጊስ በሕይወት ሳለ ይህ ማንንም አስጨንቆ አያውቅም። የባይሳ ሚስት ድርቤና እማዋይሽ በዚያው ግድግዳ እየተንኳኩ ነበር እሳት የሚዋዋሱት።

ሀብተጊዮርጊስ ሞተ። ልጅ አልተወለደላቸውም ነበርና ለእማዋይሽ የቀራት ያ ቤት ብቻ ሆነ። በዓመቱ ክረምቱ ከበደና ግድግዳው አንድ ማለዳ ዝርግፍ ብሎ ወደቀ። ሰው አልጎዳም። ባይሳ ከከተማው ወጣ ብሎ ጉቴ ላሉት ዘመዶቹ ላከ፤ በማግሥቱ ጎልማሶቹ ዶማና መጥረቢያቸውን ይዘው ደቦ ወጡ። ድርቤም ለደቦው ጩምቦ የሚሉትን ወፍራም ቂጣ ጋግራ፣ በቅቤና በአይብ አርሳ፣ ገበታውን ሸፍና አስቀመጠች።

እማዋይሽ ያን ጠዋት ቅዳሴ ላይ ነበረች። ስትመለስ ባይሳና ጎልማሶቹ ከወደቀው ግድግዳ አንድ ክንድ ያህል ወደ እሷ ቤት ዘልቀው ጉድጓድ ሲቆፍሩ አገኘቻቸው። ቀጥ ብላ ቆመች። ባል የሞተባት ሴት አጥሯ በየዓመቱ ይጠባል ሲባል ከልጅነቷ ጀምራ ሰምታለች፤ የእናቷም አጥር ሲጠብ አይታለች። ምን እያደረጋችሁ ነው ብላ መጠየቅ ትችል ነበር። መጠየቅ ግን የሚጠይቅለት ላለው ሰው ነው መሰላት። እጇን ወደ ባይሳ ዘርግታ፣

«በጃንሆይ አምላክ!» አለች። «ይህን ግድግዳ እንዳትነካ፣ እግርህም ወደዚህ እንዳያልፍ!»

በዚያ ዘመን ይህ ቃል ከወጣ ወዲያ ሌላ ቃል አይወጣም። ሌባ ይሁን ጌታ የተባለው ሰው እጁን ይሰበስባል፤ ጉዳዩ ዳኛ ዘንድ እስኪደርስ ወይም ተናጋሪው ራሱ ቃሉን እስኪያነሣ ድረስ ነገሩ እንደተገተረ ይቆያል። ጎልማሶቹ ዶማቸውን አነሡ። ባይሳ እማዋይሽን አየት አደረጋት፣ ከንፈሩም የተንቀሳቀሰ መሰለ፤ ከዚያ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ አለፈ። የጉቴ ሰዎችም ሥራ ሳይሠሩ አይበሉምና ጩምቦውን ሳይቀምሱ ሄዱ። ገበታውም ድርቤ ሸፍና እንዳስቀመጠችው ተቀምጦ ዋለ።

ዳኛው ፊት ቀረቡ። ወሰናችሁ የት ነው አላቸው። ሁለቱም ግድግዳው ነው አሉ። ግድግዳው የት አለ ቢባል የለም፤ ወድቋል። መሠረቱ ከፍርስራሹ ሥር ነው፣ ፍርስራሹ ደግሞ አይነካም፤ ተከልክሏል። አይቶ የሚመጣ ሰው ይላክ ተባለ። ሳይላክ ዳኛው ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ፣ አዲሱ ዳኛ ነገሩን ከሥሩ ልየው አለ፣ እሱም ሳያየው ተዛወረ። ቃሉ ግን አልተዛወረም።

ከዚያ ወዲያ ስንት ክረምት አለፈ። እማዋይሽ በበኩሏ ሰሌን ጋረደች፣ ባይሳም በበኩሉ ቀርከሃ ጋረደ። በሁለቱ መካከል የቀረው የጭቃ ክምር ሣር አበቀለ። አንድ ዓመት ከየት እንደመጣ ያልታወቀ የዱባ ሐረግ ወጣበትና እንስራ የሚያህሉ ዱባዎች ጣለ። ሁለቱ ቤተሰቦች ዱባ እየገዙ እየበሉ፣ ያ ዱባ በስብሶ አለቀ። የነካው ቃል አፈረሰ ሊባል ነዋ! ከእማዋይሽ የፊቱን ክፍል ተከራይቶ ጨውና ድር የሚሸጠው ሰው ለቀቀ። የጊምቢው ነጋዴ ጨመዳ አንድ ጊዜ ሁለቱንም ቤት ልግዛ ብሎ መጥቶ ነበር፤ ነገሩን ሲሰማ በጃንሆይ አምላክ የተባለበትን ቤት ገዝቼ ክስ ልውረስ እንዴ ብሎ በቅሎውን አዞረ። ወሬውም ለሌሎቹ ተረፈና ከእነሱ ግራና ቀኝ ያሉትን ቤቶች እንኳ ዋጋ የሚጠይቅላቸው ጠፋ።

ነገሩ እንዲህ እንዳለ አቶ እሸቱ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ሆኖ መጣ። ወጣት ነው፤ ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ ነው፣ ምክንያቱም ቢሮው ውስጥ አይገኝም። መንገዱን ሽቅብ ቁልቁል ሲለካ ሰንብቶ ከመስቀል በኋላ ባለ ቤቶቹን ሁሉ ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ሰበሰበ። እማዋይሽ ነጠላዋን ተከናንባ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች፤ ባይሳ ከወዲያ በኩል ቆሟል።

አቶ እሸቱ ያሰበውን ተናገረ። አሮጌውን ሣር ክዳን አፍርሶ ቆርቆሮ ቤት ለሚሠራ የቦታው ግብር ለጥቂት ዓመታት ይቀርለታል። በመንገዱ በኩል ፊቱ ለጠበበው ደግሞ ጎረቤታሞች ተስማምተው በአንድ ክዳን ሥር በጋራ ግድግዳ ቢሠሩ ማዘጋጃ ቤቱ ይፈቅዳል፤ እንዲያውም ወጪ ስለሚቀንስ ይመክራል። የማይችል ለሚችል ይሽጥ፣ ወይም ቦታውን ይዞ ይቅረብና የሚችለው ይሥራለት፣ ኪራዩን ይካፈሉ። ዝም ብሎ የተቀመጠውን ቦታ ግን ከተማው አይታገሠውም፤ ባለ ቤቱ በግምት ተከፍሎት ለሚሠራበት ይሰጣል።

ጉርምርምታ ተነሣ። አንዱ ሣር ቤት ይሞቃል አለ፣ ሌላው ቆርቆሮ ሲዘንብበት ሰው አያነጋግርም አለ። የሰፈሩ ትልቅ ሽማግሌ ኦቦ ጆቴ ግን ከዘራቸውን ተደግፈው እስኪጨርሱ ጠበቁ።

«ልጄ፣ ያልኸው ሁሉ ደግ ነው» አሉ። «ቆርቆሮ ከአዲስ አበባ ይመጣል። እዚህ ሰፈር የጠፋው ዕርቅ ነው፤ እሱን ከየት ታስመጣለህ?»

ሰው ሳቀ። አቶ እሸቱም ሳቀ፣ ግን ነገሩን አልጣለውም። ሲለካ የሰነበተ ሰው ነውና ያየው ይህንኑ ነበር፤ አንድ በአንድ ያነጋገራቸው ባለ ቤቶች ቆርቆሮ አጣሁ ከሚለው ይልቅ ክርክር ላይ ነኝ የሚለው በዝቶበታል። እንግዲያው አለ፣ ከማፍረሱ በፊት ማስታረቁ ይቅደም፤ ለየአጥሩ ሽማግሌ ይቀመጥ፣ እኔም እየተገኘሁ እለካለሁ፣ የተስማማችሁበትን ወሰን ማዘጋጃ ቤቱ ያጸናል። እስከ ጥምቀት ጊዜ አላችሁ። ከጥምቀት በኋላ ግን ክርክር ላይ ነኝ የሚል ምክንያት አልቀበልም፣ ቦታው ይሰጣል።

ጨመዳ ከጊምቢ ድረስ መጥቶ ከኋላ ቆሞ ነበር። ይህን ሲሰማ አንገቱን ወደ መንገዱ መለስ አድርጎ፣ የሁለቱን ቤቶች ጠቋራ ክዳን ረጋ ብሎ አየው። እማዋይሽም ሲያይ አየችው።

ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣች። ቤቱ ከሄደ የሀብተጊዮርጊስ ስም ከዚያ መንገድ ተፋቀ ማለት ነው፤ እሷም በዘመድ ቤት ጥግ ይዛ የምትጦር አሮጊት መሆኗ ነው። መፍትሔው ደግሞ ከአፏ ነበር፤ ሄዳ አንስቻለሁ ማለት። ይህን ግን እንዴት ትበል? አንስቻለሁ ማለት ተሳስቼ ነበር ማለት ነው፤ አንድ ክንድ መሬት ውሰድ ማለት ነው። ባይሳም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው ብላ አሰበች። ያ ዝምታው ሁሉ፣ ያ በመንገድ ሲያልፍ ባርኔጣውን ከፍ ማድረጉ፣ እሷ ተንበርክካ እስክትመጣ መጠበቁ ነው። በዚህ ሐሳብ ስትብሰለሰል ኅዳር አለፈ።

ታኅሣሥ ላይ ቆረጠችና ወደ አቶ እሸቱ ሄደች። መንገድ ላይ አገኘችው፤ የመለኪያ ገመዱን እየጠቀለለ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ በሥልጣኑ ክልከላውን ያንሣልኝና ግድግዳው ይሠራ አለችው። እሷ ራሷ አንስቻለሁ ሳትል ነገሩ ቢነሣ ቤቷም ክብሯም ይተርፋል፤ አስባ የመጣችው ይህን ነው።

እሸቱ አዳመጣትና ራሱን ነቀነቀ። «እማማ፣ ቤት አፍርስ ቢሉኝ አፈርሳለሁ» አለ። «የእርስዎን ቃል ግን ማንሣት የሚችሉት እርስዎ ነዎት። ይልቅ ነገ ከኦቦ ጆቴ ጋር እንምጣና ቤቱን እንየው። ስንለካ አንድ ነገር ይገኝ ይሆናል።»

በማግሥቱ መጡ። ጆቴ በሩ ላይ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ፣ አዴ እማዋይሽ» ብለው እንዴት እንዳደረች፣ ከሰው ከከብቱ፣ ከጤና ከሰላሙ ጠይቀው፣ አንድም ሳያስቀሩ ሰላምታውን ጨርሰው ገቡ። እሸቱ ፊቱን ለካ፣ ጎኑን ለካ። ሰሌኑን ከሥሩ ገለጥ አድርጎ ክምሩን ሳይነካ አየ። ከዚያ ቀና አለና ጣሪያውን ያይ ጀመር። አየና አየና ገመዱን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«እማማ፣ ይህ ጣሪያ በምን ቆሟል?»

እማዋይሽ ጥያቄው አልገባትም። ጣሪያ እንደ ጣሪያ ነው የቆመው። እሸቱ በእጁ እያሳየ አስረዳት፦ አግዳሚው አንደኛው ጫፉ ያረፈው በዚህኛው ቋሚ ላይ ነው፣ ይኸውና። ሌላኛው፣ አሁን ሰሌኑ የጋረደው ጫፉ፣ የነበረው በወደቀው ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳው ከሌለ ይህ ጣሪያ በመጀመሪያው ክረምት እርስዎ ላይ መውረድ ነበረበት። እማዋይሽ ሽቅብ አየች። በዚያ ጣሪያ ሥር ስንት ክረምት ተኝታለች፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ለምን እንዳልወደቀ ጠይቃ አታውቅም ነበር።

«ከወዲያ በኩል እንየው» አሉ ጆቴ።

በመንገዱ ዞረው በባይሳ በር ገቡ። እማዋይሽም ደፉን ረግጣ ገባች። ድርቤ ከጓዳ ብቅ አለች፤ ጠጉሯ ሸብቷል፣ እማዋይሽ ሽበቷን በቅርብ ስታየው ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነው። ባይሳ ሰም የሚያቀልጥበትን ድስት ከእሳት አውርዶ ተነሣ፣ የእሸቱን ጥያቄ ሰማና የቀርከሃውን መጋረጃ ወደ ጎን ሳበው።

የባሕር ዛፍ ግንዶች ነበሩ። እግራቸው የባይሳ ቤት ወለል ውስጥ ተቀብሯል፤ ወገባቸው በክምሩ ላይ፣ ክምሩን ሳይነካ፣ ዘንበል ብሎ አልፏል፤ ራሳቸው የእማዋይሽን አግዳሚ ተሸክሟል። አንዳንዱ ጠቁሯል፣ አንዳንዱ ልጡ እንኳ ያልተላጠ ትኩስ ነው፤ የበሰበሰው እየወጣ አዲስ ሲተካ እንደኖረ ያስታውቃል። ግንዶቹ የቆሙበት ቦታ ድሮ የባይሳና የድርቤ አልጋ የነበረበት ነው፤ እማዋይሽ በደጉ ዘመን ስንቴ ጫፉ ላይ ተቀምጣ አውግታለች። አልጋው አሁን የማር ጋኖቹ መካከል ተሸጉጧል።

ኦቦ ጆቴ ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ አዛወሩ።

«ባይሳ፣ ከልክዬህ አልነበረም?» አለች እማዋይሽ።

«ግድግዳውን እንዳልነካ፣ እግሬም እንዳያልፍ ነው የከለከልሽኝ፣ አዴ እማዋይሽ» አለ ባይሳ። «ግድግዳውን አልነካሁም። እግሬም አላለፈም። ጣሪያሽ ይውደቅ ግን አላልሽም።»

የእማዋይሽ ዓይን ከግንዶቹ ራስ ወደ ወገባቸው፣ ከወገባቸው ወደ እግራቸው ወረደ። እግራቸው የተቀበረበት ጉድጓድ ከክምሩ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ያለ ነው። ያን ጊዜ የደቦው ቀን ጉድጓድ ትዝ አላት፤ እሱም ከክምሩ አንድ ክንድ ነበር።

«ያኔ በእኔ በኩል የቆፈራችሁት ጉድጓድ...»

«ለድጋፍ ነበር» አለ ባይሳ። «ግድግዳ ሳይቆም ጣሪያ ይደገፋል። ካልተደገፈ እንዴት ይሠራል? በአንቺ በኩል ቆፍረን ብንጨርስ በእኛም በኩል እንቆፍር ነበር። ከአንቺ የጀመርነው የአንቺ ስለባሰ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

ባይሳ ጣቱ ላይ የደረቀውን ሰም ላጠ። «ያ ቃል ከወጣ በኋላ ሰው አፉን ይከፍታል እንዴ? የምናገረው ዳኛ ፊት ነው ብዬ ጠበቅሁ። ዳኛውም ወሰናችሁ የት ነው አለኝ እንጂ ጉድጓዱ ለምንድን ነው አላለኝም።» ቀጥሎም፣ «ያልተጠየቅሁትን አልተናገርሁም። ይኼ የእኔ ጥፋት ነው፤ አምላኬ ዋቀዮ ያውቃል» አለ።

እማዋይሽ እዚያው የአልጋው ጫፍ ላይ፣ የማር ጋኖቹ መካከል፣ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ዕንባው መጥቶ ነበር፣ እሷ ግን አፈረችበት። የምታፍረው ተሳሳተች ስለተባለ አልነበረም። በሰላም የተኛችባቸውን ክረምቶች ሁሉ፣ ይህ ሰው በዝናብ እየወጣ ባሕር ዛፍ እየቆረጠ፣ የበሰበሰውን ነቅሎ አዲሱን እየተካ፣ እሷ ደግሞ በሰሌኑ ማዶ ተኝታ መዶሻውን እየሰማች «ይኸው ደግሞ የእኔን መሬት ይቆረቁራል» ስትል ነበር። ድርቤ ቀስ ብላ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፣ አልጋውም ሁለቱን ለመያዝ ጠበበ።

ከዚያ እማዋይሽ ተነሣች፤ ነጠላዋን አስተካክላ በጆቴና በእሸቱ ፊት ቆመች።

«በጃንሆይ አምላክ ያልሁትን አንስቻለሁ» አለች። «እናንተ ምስክር ናችሁ።»

ጥምቀት ሳይደርስ ሁለቱ ቤቶች ሊሠሩ ተዋዋሉ፦ አንድ ክዳን፣ አንድ የጋራ ግድግዳ፣ ፊቱ ሁለት ሱቅ። ዕቅዱን እሸቱ በራሱ እጅ ነደፈላቸው። ወሬው እንደ ድሮው ለሌሎቹም ተረፈ፤ አሁን ግን በደግ። ከታች ያሉት የአንድ አባት ልጆች ከጆቴ ፊት ቁጭ ብለው የአባታቸውን ቦታ ተካፈሉ፣ ከላይ ያለችው ባለ ቤት የቦታዋን ግማሽ ሸጣ በገንዘቡ ለቀረው ቆርቆሮ ገዛች። ጨመዳም ተመልሶ መጣ። የሚሸጥ ቢያጣ የሚከራይ ፈለገና ከእማዋይሽ ጋር ስለ አዲሱ ሱቅ ይከራከር ጀመር፤ እማዋይሽ በኦሮምኛ ነው የተከራከረችው፣ ስለዚህ እሱ አልረታም።

አሮጌውን ክዳን የማውረጃው ቀን ደረሰና የጉቴ ሰዎች እንደገና ደቦ ወጡ። ከፊሎቹ ያኔም የነበሩ ናቸው፤ ያን ጊዜ ጎልማሳ የነበሩት አሁን ጢማቸው ነጭ ጣል ጣል አድርጎበታል። እማዋይሽ ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። ከድርቤ ጋር ጩምቦውን ስትጋግር አንግታ፣ እጇ ቅቤ እንደሆነ ወደ ቤቷ ተሻገረች።

ጉሉማ የሚባለው የባይሳ ዘመድ ዶማውን ይዞ በሯ ላይ ቆሟል። ክዳኑ ከመውረዱ በፊት አግዳሚው ከውስጥ መደገፍ አለበት፤ ለዚያ ጉድጓድ ያስፈልጋል፣ ጉድጓዱም በእሷ በኩል ነው። ጉሉማ ይህን ያውቃል፤ ግን እዚያው ቦታ ላይ ያንን ቃል በጆሮው የሰማ ሰው ነውና እግሩ አልገባለት አለ። ባይሳም ከኋላው ቆሟል።

እማዋይሽ ወደ ውስጥ ገባች። ከክምሩ አንድ ክንድ ያህል ወደ ራሷ ቤት ራቅ ብላ፣ ያኔ የተጀመረውና አፈር የሞላው ጉድጓድ የነበረበት ቦታ ላይ ቆመች፣ በተረከዟም መሬቱን መታ አደረገችው።

«እዚህ ቆፍር፣ ልጄ» አለች። «ጥልቅ ይሁን።»